የተከበሩ አቶ ባሮክ ዋስ

ማራናታ ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው የባሏን ፊት ሳይሆን የግራ እጇን አምባር ነው። አምባሩ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሞቅ ይልና ቁጥር ያወጣል። ዘጠና ስድስት። ዘጠና አምስት። አንድ ጊዜ፣ የትንሣኤ ማግስት፣ ዘጠና ዘጠኝ ወጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት መጥቶ ነበር። ቁጥሩ ስለ እሷ ምንም አይናገርም። የዋርካ በር ከተማ የሕዝብ ተወካይ የሆኑት የተከበሩ አቶ ባሮክ፣ ከመቶ ስንት እጃቸው ከፓርቲያቸው ጋር እንዳደረ ነው የሚናገረው። ማራናታ የእሳቸው ዋስ ናት።

ቁጥሩን ካየች በኋላ የኢዮስያስን ማሽን ታያለች። ባሏ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ሲያስፈጭ ኖሮ ሳንባው እንደ ፋብሪካው ተዘግቷል። አሁን የሚተነፍስለት ከአልጋው በስተቀኝ የቆመው ማሽን ነው። ማሽኑ ከግድግዳው ላይ ከተነቀለ አሥራ አንድ ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ አይሠራም። ማጣሪያውን አውጥታ ታጥባለች፣ ትመልሳለች፣ ከዚያ በአጥር በኩል የሚጠይቃትን ሰው ትሰማለች።

«ማሪዬ፣ ስንት ገባ?»

«ዘጠና ስድስት።»

«ተመስገን! በርቺ።»

ዋስ አዲስ ነገር አይደለም። የእህል መጋዘን ዘበኛ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል፤ ሾፌርም፣ ገንዘብ ተቀባይም ይጠራል። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ የምክር ቤት አባል በአንድ የግብር አዋጅ ላይ ከሌላው ወገን ጋር ድምፅ ሰጠ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዎች እንደዚያው አደረጉ። ፓርቲዎቹ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በዚህ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተስማሙ። ለመጋዘን ዘበኛ የሚጠየቅ ዋስ ለሕግ አውጪ የማይጠየቅበት ምክንያት አልታያቸውም።

አዋጁ አጭር ነው። ዋሱ የሥጋ ዘመድ እንዳይሆን ይከለክላል፤ ሰው በሥጋ ዘመዱ ላይ ሊጨክን እንደሚችል በጥናት ተረጋግጧል። «ተወካዩ የሚያከብራቸውና የሚያፍራቸው ሰው» መሆን አለበት ይላል። ተወካዩ ከፓርቲው ወጥቶ ከሌላው ወገን ጋር ድምፅ ከሰጠ፣ ማለትም ከተሻገረ፣ ዋሱ ወደ ማቆያ ገብቶ ስድስት ዓመት ይቆያል። በተወካዩ ላይ ምንም አይደረግም። ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብቱ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው።

ባለፉት አሥራ ስምንት ዓመታት የተሻገሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እሳቸውም አርጅተው፣ የኮታቸው እጅጌ ቁልፉን ነክቶባቸው ነው። ዋሳቸው የነበሩ አንድ ወንበር ሠሪ ስድስት ዓመታቸውን ጨርሰው በደህና ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴው የድጋፍና ቀዩ የተቃውሞ ቁልፍ በክንድ ርቀት ተለያይተው ተተክለዋል። ምክር ቤቱ አራት መቶ ወንበር አለው። ሁለት መቶ ዘጠናው የአንዱ ፓርቲ፣ መቶ አሥሩ የሌላው ነው። የማንኛውም አዋጅ ውጤት ሁለት መቶ ዘጠና ለመቶ አሥር ነው። ልጆች ከማባዛት ሰንጠረዥ ጋር ይማሩታል።

የዋስ ኑሮ መጥፎ አይደለም። ሠርግ ቤት ማራናታ ከሚዜዎቹ ቀጥሎ ትቀመጣለች። ልብስ የምታሰፋ ሁሉ ወደ እሷ ትመጣለች፤ ስፌቷ ጥሩ ስለሆነም ነው፣ አምባሯን ለማየትም ነው። ቁጥሩ ከዘጠና ሲወርድ ሰፈሩ ሬዲዮ ይቀንሳል።

በሚያዝያ የመስመር ማሰባሰቢያ ረቂቅ አዋጅ በዜና ተነገረ። ሕዝባቸው ከሃያ አምስት ሺህ የማይበልጥ ከተሞች የኤሌክትሪክ መስመራቸው ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ይጠቀለላል። ነዋሪው ቆላ ውስጥ በተሠሩ ማሰባሰቢያ ሰፈሮች ይመደባል። ወረፋው ለጤነኛ ሦስት ዓመት ሲሆን ከማሽን ጋር ለሚመጣ ሰው ሰባት ዓመት ነው፤ ማሽን ቦታ ይይዛል። ዋርካ በር አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሕዝብ አለው።

ዜናውን ኢዮስያስም ሰምቷል። ከዜናው በኋላ የአየር ሁኔታ ነበር፤ እሱንም እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ዝናብ… አለ… አሉ» አለ። ማሽኑ አየር ሲሰጠው ነው የሚናገረው፤ ሲነሳው ይጠብቃል።

ማራናታ «አሉ» አለችና ማጣሪያውን ሳያስፈልገው አወጣችው።

በሳምንቱ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሚልኪያስ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጋሽ ሚልኪያስ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ሱሪ ይዘዋል።

«እንዲያው ለሰላምታ ነው። ይቺንም ጫፏን እንድታጥፊልኝ።»

«ይቀመጡ። ይቺን ባለፈው አጥፌልዎት አልነበር?»

«ረዝማ ነው መሰለኝ። እኔ ነኝ ወይ ያጠርኩት!» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ሽንኩርት ተወራ። «ባሮክ ደህና ነው?» አሉ ጋሽ ሚልኪያስ በመጨረሻ።

«ዘጠና አምስት ነው።»

«ተመስገን» አሉ። «ተመስገን ነው እንግዲህ…» ብለው ወደ መኝታ ቤቱ በር ተመለከቱ። ማሽኑ ይሰማል።

«ጋሽ ሚልኪያስ፣ ተሻገር በይው ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?»

«ኧረ በስመ አብ!» ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። «አንቺን ግቢልን ልንል? ምን አድርገሽ ነው የቆጠርሽን? ልጆችሽ ነን እንጂ ጠላቶችሽ ነን?» ልጆችሽ ያሉት የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ናቸው።

«እንግዲያው አልለውም።»

«እንዳትይው! አደራ!» አሉ ጋሽ ሚልኪያስ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ካልሽው ግን… ረጋ ብለሽ በይው። ልጅነቱን እያስታወስሽ።»

ሱሪውን ረስተውት ሄዱ።

ማራናታ ግን እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ወስናለች። የኢዮስያስን የእህት ልጅ ሃሴትን አስመጥታ ማሽኑን አስተምራታለች፤ ሃሴት በሁለት ቀን ከእሷ በላይ አወቀችው። ለኢዮስያስ የነገረችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለእኔ ብለሽ… እንዳትገቢ» አላት።

ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። አልሰማችውም።

ባሮክ በግንቦት ሁለተኛው ቅዳሜ ለመራጮች ጉብኝት መጣ። አዳራሽ ውስጥ ስለ ማሰባሰቢያዎቹ ንጹሕ አየር ንግግር አደረገ፣ ተጨበጨበለት፣ ከዚያ ጥበቃዎቹን ሻይ ቤት አስቀምጦ በጓሮ በኩል ገባ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ልጅ ሆኖ እናቱ ገበያ ስትውል እሱ የሚውለው በማራናታ የስፌት መኪና ሥር ነበር፤ ክር እየሰበሰበ።

«እትዬ፣ ከሳሽ።»

«አንተ ነህ የወፈርከው። ና ግባ።»

«የተከበሩ!» አለ ኢዮስያስ ካልጋው። «እንዴት… ነው… ክብሩ?»

«ጋሽ ኢዮስ፣ አታሹፍብኝ እንጂ!» ባሮክ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሳመው። ሲቀና ማሽኑ የተሰካበትን ግድግዳ አየ፤ አይቶም ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

ማራናታ አልተቀመጠችም። «ባሮክ፣ ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ድምፅ ስትሰጡ ቀዩን ትጫናለህ።»

«እትዬ!»

«ስማኝ። ስለ እኔ አታስብ። ስድስት ዓመት ነው። ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ፤ እዚህስ ሌላ ምን እሠራለሁ? የኢዮስያስን ነገር ከሃሴት ጋር ጨርሻለሁ። መስመሩ ይኑር እንጂ እሱ ይኖራል። መስመሩ ከተጠቀለለ ግን የሚሆነውን አንተም ታውቃለህ።»

የባሮክ ዓይን እንባ ሞላ።

«አታልቅስ! የሚያስለቅስ ነገር አልነገርኩህም፤ ሥራ ነው የነገርኩህ። ስንት ከተማ ነው የሚጠቀለለው?»

«የእኛ ወገን ብቻ መቶ ሠላሳ አንድ ነን።»

«ስንት ሰው ነው የሚበቃው?»

«ዘጠና። ዘጠና ሰው ከተሻገረ ሁለት መቶ ለሁለት መቶ ይሆናል። እኩል የሆነ አዋጅ ይወድቃል።» ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ፤ ቁጥሩን ቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው።

«ይኸው። አንተ አንዱ ሁን።»

«እንዲህ ትያለሽ ብዬ አውቅ ነበር። መንገዱን ሙሉ፣ እትዬ እንዲህ ነው የምትለኝ እያልኩ ነው የመጣሁት።»

«ከልቤ ነው።»

«ከልብሽ እንደሆነማ አውቃለሁ።»

«አይ፣ ከልቤ ነው ስልህ ለወግ አይደለም። ኢዮስያስ ይሙት!»

«ኧረ… ከመሐላው… እንኳ… አውጪኝ» አለ ኢዮስያስ።

ሦስቱም ሳቁ። ባሮክ እየሳቀ ዝቅ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፤ ሲነሣ አይስቅም ነበር። «እሺ» አለ።

«እሺ ምን?»

«እሺ አልኩሽ እኮ እትዬ። አስቤበታለሁ። እሺ።» በጓሮ በኩል ወጣ።

ሰኞ ጠዋት አምባሩ ሰማንያ ስምንት አወጣ። ሐሙስ ሰባ አራት። በወሩ መጨረሻ ስልሳ ሦስት።

ማራናታ በሕይወቷ እንዲህ ተደስታ አታውቅም፤ ደስታዋን ግን ለማንም መንገር አትችልም። ጎረቤቱ ሊያጽናናት ይጎርፋል። ቅቅል ይመጣል፣ አጥሚት ይመጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ይቀመጣሉ። ዕድሩ ድንኳን ይተከል አይተከል እያለ አንድ ቀን ሙሉ ተከራከረ፤ ደንቡ ስለ ሞት እንጂ ስለ ስልሳ ሦስት የሚለው ነገር የለም። በመጨረሻ ያለ ድንኳን ወንበር ብቻ እንዲላክ ተወሰነ። ማራናታ በወንበሮቹ መካከል አንገቷን ደፍታ ትውላለች። ጋሽ ሚልኪያስ ሊሰናበቷት ሲስሟት በጆሮዋ «በርቺ፣ ወርዷል» ይሏታል፤ ጮክ ብለው ደግሞ «አይዞሽ፣ ይነሣል» ይላሉ።

ከዋሶች ጽሕፈት ቤት ሲፈን የምትባል ሴት ደወለችላት። ድምፅዋ እንደ ነርስ ነው።

«እትዬ፣ አምባርዎ ስልሳ ሦስት ይላል። ምግብ ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«እንቅልፍስ?»

«ደህና ነው።»

«ጎበዝ። እንዲያው ከከበደዎት ይደውሉለትና ያልቅሱለት። ብዙዎችን ረድቷል።»

«እሺ የኔ እናት» አለች ማራናታ። አልደወለችም።

ጋዜጦቹ በየቀኑ ግምት ማውጣት ጀመሩ። የአምባሮቹ ንባብ ድምር በአገር ደረጃ ይታወቃል፤ ከሃምሳ በታች የወረደ ሰው ሊሻገር ይችላል ተብሎ ይቆጠራል። በሰኔ መባቻ አርባ አንድ ሰው። በሰኔ ስምንት ስልሳ ስድስት። በሰኔ አሥራ አምስት ሰማንያ ስምንት። ዋርካ በር ውስጥ ሰዎች ድንች ሲገዙ ሳይቀር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚነጋገሩት፤ ጮክ ካሉ ቁጥሩ የሚሰማቸው ይመስል። አንዱ ቤቱን ቀለም መቀባት ጀመረ።

ሰኔ አሥራ ስምንት ማራናታ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ መርፌ፣ ሁለት መነጽር።

«ለስድስት ዓመት… ሁለት… መነጽር?» አለ ኢዮስያስ።

«ዓይኔ እኮ ደህና ነው።»

«እኔን… እስከ… በሩ… ድረስ… አይታይሽም… ትዪ… አልነበር?»

«አንተን ስለለመድኩህ ነው።» ማጣሪያውን አጠበች። ሃሴት ልታጥበው እጇን ዘርግታ ነበር፤ «ከነገ ጀምሮ» አለቻት።

የዋሶች አዳራሽ ዋና ከተማው ውስጥ፣ ከምክር ቤቱ ሥር ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ተወካዮቹ ከላይ፣ ዋሶቻቸው ከታች፣ በተመሳሳይ የወንበር ቁጥር ይቀመጣሉ። አራት መቶ ወንበር አለ፤ ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ ውኃና ብስኩት ይታደላል። በማግስቱ ጠዋት ማራናታ ወንበሯን አግኝታ ሻንጣዋን ከሥሩ ልታስገባ ጎንበስ አለች። ጎንበስ እንዳለች ቀረች። በፊቷ ባለው ወንበር ሥር ሻንጣ አለ። ከዚያ በፊት ባለውም አለ። በገመድ የታሰረ ካርቶን፣ የስፖርት ቦርሳ፣ አዲስ የተገዛ ባለ ጎማ ሻንጣ፣ መሶብ የሚያህል ዘንቢል። ረድፉን ሙሉ ሻንጣ ነው።

አጠገቧ የተቀመጡት ሰው ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ጋሽ ናሆሊ ይባላሉ፤ ከጠራ ሜዳ ነው የመጡት። ጠራ ሜዳ አሥራ አንድ ሺህ ሕዝብ አለው። እሳቸው ደግሞ የእሷን ሻንጣ እያዩ ነበር።

«ለመግባት ነው?» አሏት ዝቅ ብለው።

«ለመግባት ነው። እርስዎስ?»

«እኔማ መቀሴን ሳይቀር ይዣለሁ። እዚያም ፀጉር ያድጋል መቼም። የእኔዋ ወጣት ናት፤ ሳስተምራት ያደገች ልጅ። ሄጄ ቢሮዋ ድረስ ነገርኳት። ተሻገሪ አልኳት።»

«እኔም ብዬዋለሁ።»

«ዛሬ አምባርሽ ስንት ነው?»

«አርባ ስምንት።»

«አርባ አንድ!» አሉ በኩራት። ከፊታቸው ያለች ቀጭን ሴት ዞር ብላ «ሠላሳ ዘጠኝ» አለችና መልሳ ዞረች። ከዚያ ወሬው በረድፎቹ እየተሻገረ ሄደ። ሰው ሁሉ ቁጥሩን ያንሾካሽካል፤ የሚያንስ ቁጥር ያለው ሰው እጁ ይጨበጣል። ግድግዳው ላይ የጠዋቱ ግምት በርቷል፤ መቶ አራት ይሻገራሉ ይላል። ዘጠና ነው የሚፈለገው። ጋሽ ናሆሊ ብስኩታቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጧት።

አራት ሰዓት ሲሆን ደወል ተሰማ። ከላይ የወንበር መንኳኳት ተሰማ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ውጤቱ ወጣ።

ሁለት መቶ ዘጠና ለመቶ አሥር።

አንድ ሰው ከኋላ «ተሳስቷል፣ ይደግሙታል» አለ። አልደገሙትም። ግድግዳው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ ስለ አሳ እርባታ ነው።

ሲፈን በረድፎቹ መካከል ውኃ እያደለች መጣች። በድምፅዋ ነው ማራናታ ያወቀቻት። ገና ወጣት ናት።

«ማሽኑ ተሳስቷል» አሏት ጋሽ ናሆሊ። «መቶ አራት ብሎ ነበር። እዪ፣ የእኔዋ አርባ አንድ ናት!»

«ንባቡ ተሳስቶ አያውቅም ጋሼ» አለች ሲፈን። «የሚለካው የሚፈልጉትን ነው። መቶ አራቱም ዛሬ ጠዋት መሻገር ፈልገዋል። መፈለግ አልተከለከለም።»

«ታዲያ ለምን አልተሻገሩም?»

«ይወዱዎታል እኮ።»

«እኛ ተሻገሩ ብለናቸዋል!»

«አዎ» አለች ሲፈን፤ ለሕመምተኛ እንደሚባለው። «ሁሉም ዋስ እንደዚያ ይላል። እኔ እዚህ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስለ እኔ አስብ ያለ ዋስ አንድም አላየሁም። ሰዉ በማስፈራራት የቆመ ሥርዓት ይመስለዋል። በማስፈራራት ቢሆን ዛሬ ፈርሶ ነበር። ውኃ ልስጥዎት?»

ጋሽ ናሆሊ ውኃውን ተቀበሉ። «ምን ነበር ያልሽው፣ አንቺ?» አሉ ወደ ማራናታ ዞረው። «ቃሉን ማለቴ ነው።»

«ስለ እኔ አታስብ። ከልቤ ነው።»

«እኔም እሱኑ ነው።» ብርጭቆውን ያዙት እንጂ አልጠጡም። «ሌላ ምን ይባላል?»

ማራናታ አሰበች። ታማ ስትጠየቅ፣ ሰው ወንበር ሲለቅላት፣ ቤቷ ዝናብ ሲያፈስ እንርዳሽ ሲሏት፣ ሁልጊዜ ያለችው ይህንኑ ነው። ሰው ሰምቷት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ለቅቀውላታል፣ ሁልጊዜ ረድተዋታል። እንዳይሰሟት ነበር የምትለው። በአርባ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰሟት ብላ ተናገረች፤ ቃሉ ግን ያው ነው።

ተወካዮቹ በደረጃው መውረድ ጀመሩ። እንደ ልማዱ ከድምፅ በኋላ ዋሶቻቸውን ሊያመሰግኑ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቹ እየሮጡ ነው የሚወርዱት፤ ዓይናቸው ቀልቷል። አንዲት ወጣት ጋሽ ናሆሊ አንገት ላይ ተጠመጠመች። በየረድፉ፣ በየሻንጣው ላይ፣ ሰው ከሰው ይተቃቀፋል። ፎቶ አንሺዎች ነበሩ።

ባሮክ መጥቶ ማራናታን አቀፋት።

«ጣቴ ደርሶ ነበር» አላት። «ቀዩ ላይ ደርሶ ነበር እትዬ፣ ማርያምን። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስለ እኔ አታስብ ስትዪኝ። እንደዚያ የምትለኝን ሴት እኔ ላስገባት? ሰው አይደለሁም እንዴ? ሦስት ሳምንት አልተኛሁም። ለጋሽ ኢዮስ ከዚህ ከተማ ሐኪም አፈላልጋለሁ፣ ወረፋውንም አናግራለሁ፣ አንድ ነገር አይጠፋም…»

«ባሮክ፣ እኔ እኮ…»

«ምንም አትበይኝ! ውለታ አይደለም። አንቺ ብትሆኚ ለእኔ አታደርጊውም ነበር?»

ፊቱን አየችው። ደክሞታል፣ ደስ ብሎታል። ከስፌት መኪናው ሥር ክሩን ሁሉ ሰብስቦ ሲያሳያት የነበረው ፊት ነው። ሰዎች እየተመለከቷቸው ነው፤ አንዱ ፎቶ አንሺ ካሜራውን አንሥቶ ይጠብቃል። እጇን አንሥታ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የተከበሩ።»

ካሜራው ብልጭ አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ቤት ደወለች። ሃሴት ስልኩን ከኢዮስያስ ጆሮ ጋር አስጠጋችለት።

«እየመጣሁ ነው» አለችው ማራናታ።

በስልኩ ውስጥ ማሽኑ አንድ ጊዜ ሳበ፣ አንድ ጊዜ ለቀቀ። ሁለተኛ ሳበ።

«እሰይ» አለ ኢዮስያስ። «እንኳን… መጣሽልኝ።»

ከልብህ ነው ወይ ልትለው ፈለገች። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራቸው እንደዚያ ተባብለው አያውቁም፤ ቢባል እንኳ ምን ብሎ እንደሚመልስላት ታውቃለች። አውቶቡሱ መጥቶ ሰው መሳፈር ጀመረ።

«ምሳ በሉ» አለችው። «እኔን እንዳትጠብቁ። እዚህ ጋብዘውናል፣ በልቻለሁ።»

አልበላችም።